ተሳቢ ቤትና የበረዶው ወራት፤ ውሃ በቧንቧ ውስጥ ስለሚደበቅባቸው ቦታዎች

በፊዚክስ ትምህርታችን ውሃ ከሌሎች ፈሳሾች የተለየ ጠባይ እንዳለው ተምረናል። አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ ውሃ ግን እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንደ ሌሎቹ ሲኰማተር ቆይቶ፥ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ መስፋት ይጀምራል፤ በረዶ በሚሆንበትም ጊዜ በመጠኑ ላይ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። ይህን በደብተራችን ጽፈን፥ ለፈተና አጥንተን፥ ብዙዎቻችን እዚያው ትተነዋል። ይኸው አንድ አረፍተ ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤተሰብ በየዓመቱ በጥቅምት ወር እንደሚያሯሩጥ በዚህ ዓመት ስለ ተረዳሁ፥ ለመጽሔታችን አንባብያን፥ ይልቁንም በውጭ አገር ዘመድ ላላቸው ወላጆች፥ የተማርኩትን ለማካፈል አስቤአለሁ።

ነገሩን ያወቅሁት ከእናቴ ወንድም ነው። እርሱ የሚኖረው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች አካባቢ ሲሆን፥ ሥራውም ካምፐር የሚባሉትን ተሳቢ ቤቶች መጠገን ነው። ካምፐር ማለት በከባድ መኪና ኋላ ተቀጥሎ ስንዴና ሲሚንቶ ሲጭን እንደምናየው ተሳቢ በጎማ የሚሄድ፥ ነገር ግን በውስጡ አልጋ፥ ምድጃ፥ የዕቃ ማጠቢያ፥ ሻወርና መጸዳጃ ያለበት ትንሽ ቤት ነው። ባለቤቱ በበጋ ከመኪናው ኋላ ይቀጥለውና ወደ ሐይቅ ዳር ወይም ወደ ጫካ ሄዶ ከቤተሰቡ ጋር ይሰነብትበታል። ሞተር ያለውና ራሱን ችሎ የሚሄድም አለ፤ የውሃው መስመር ግን ያው ነው። አጎቴ በስልክ ሲያስረዳኝ እኔ እየጻፍኩ፥ ያልገባኝንም የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራኖቻችንን እየጠየቅሁ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

አስቀድሞ ስለ አየሩ ጥቂት ልበል። እዚያ አገር ክረምት የሚባለው እንደ እኛ የዝናብ ጊዜ ስላልሆነ፥ እንዳያሳስት «የበረዶው ወራት» እለዋለሁ። በሚኒያፖሊስ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙ ጊዜ የሚወርደው በእኛ አቆጣጠር በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። በጃንዋሪ ወር የሌሊቱ ብርድ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። በዚያው ግዛት በስተሰሜን ታወር በምትባል ስፍራ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ፌብሩዋሪ 2 ቀን፥ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ተመዝግቧል። በሐይቆቹ ላይ የሚረጋው በረዶ ከመወፈሩ የተነሣ መኪና ይነዱበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባቄላችንን ሲመታው የምናማርር እኛ የደጋ ሰዎች ይህን ስንሰማ ዝም ማለት ይሻለናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በቤቱ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ይህን ሊሞክር ይችላል። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ወስዶ አንዱን ምንም አየር ሳይቀር እስከ አፉ መሙላት፥ ሁለተኛውን እስከ ግማሹ ብቻ መሙላት፥ ከዚያም የሁለቱንም ክዳን አጥብቆ በረዶ በሚሠራው ክፍል ማሳደር ነው። የብርጭቆ ጠርሙስ ግን አይሞከርም፤ ስብርባሪው አደገኛ ነው። በማግሥቱ የሞላው ጠርሙስ ተነፍቶ፥ ሥሩ ወደ ውጭ ወጥቶ መቆም አቅቶት፥ ምናልባትም ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ግማሹ ብቻ የተሞላው ግን ምንም አይሆንም። ምክንያቱም 1 ሊትር ውሃ በረዶ ሲሆን 1.09 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ሞለኪውሎቹ ሲረጉ ስድስት ማዕዘን ባለው ቅርጽ ተራርቀው ስለሚያያዙ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ይቀራል። ቦታ ያገኘ በረዶ ማንንም አይጎዳም፤ ቦታ ያጣው ግን የያዘውን ዕቃ ይገፋል።

እንግዲህ በተሳቢ ቤት ውስጥ የሚያሰጋው የውሃው ብዛት አይደለም። በትልቁ ታንክ ሥር የቀረ 1 ወይም 2 ሊትር ውሃ በላዩ ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለው በሰላም ይከርማል፤ በቧንቧ መክፈቻ ውስጥ የታሰረ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ግን መክፈቻውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ታንኩ ባዶ መሆኑን አይቶ ብቻ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ቧንቧ የሚፈነዳው በረዶው በረጋበት ቦታ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያ ብርድ በጠናበት ቦታ ላይ በረዶው እንደ ውታፍ ሆኖ ቧንቧውን ይዘጋል። ከዚያ እየረዘመ ሲሄድ በፊቱ ያለውን ውሃ ወደ ተዘጋው መክፈቻ ይገፋዋል። ውሃው መውጫ ስለሌለውና ሊጨመቅም ስለማይወድ ግፊቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ደካማ የሆነው ክፍል፥ ገና ፈሳሽ ውሃ ባለበት ቦታ ጭምር፥ ይሰነጠቃል። ግፊቱ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ለመገመት ይህን ማወቅ ይበቃል፤ ውሃ ከዜሮ በታች በ22 ዲግሪ ሳይረጋ እንዲቆይ ከ2000 አትሞስፌር በላይ ግፊት ያስፈልገዋል። የትንሽ መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 አትሞስፌር አካባቢ ነው። ዛሬ በብዙ ካምፐሮች ውስጥ የሚገኘው ፔክስ የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ጥቂት የመለጠጥ ችሎታ ስላለው ሊተርፍ ይችላል፤ መጋጠሚያዎቹ፥ የፓምፑ ራስ፥ መክፈቻዎቹና የመጸዳጃው ቫልቭ ግን አይለጠጡም።

አጎቴ ከነገረኝ ሁሉ ያልረሳሁት የአንድ ያገራችን ሰው ቤተሰብ ነገር ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ሌሊት እየሠሩ ባጠራቀሙት ገንዘብ፥ ልጆቻቸው ከከተማ ወጣ ብለው ሐይቅ እንዲያዩ፥ ያገለገለ ካምፐር ገዙ። በጥቅምት ታንኩን አፈሰሱ፤ ከወለሉ በታች ያሉትን ማፍሰሻዎችም ከፈቱ፤ ቤቱን ሸፍነው አስቀመጡት። በሚያዝያ ውሃ ሲለቁበት ሁሉም ደኅና ይመስል ነበር። ነገር ግን በውጭ በኩል፥ በአንዲት ትንሽ መዝጊያ ውስጥ፥ ከሐይቅ ሲመለሱ ጭቃ ለመታጠቢያ የተሠራች ሻወር አለች፤ እርስዋን ማንም አላሰባት። መክፈቻዋ በበረዶው ወራት ተሰንጥቆ ኖሮ ውሃው በግድግዳው ውስጥ እየተንጠባጠበ ብዙ ሳምንት ወደ ወለሉ ገባ። እነርሱ ያወቁት ወለሉ ከእግራቸው ሥር ሲለሰልስ ነው። የካምፐር ግድግዳና ወለል ከቀጭን እንጨት የተሠራ ስለ ሆነ ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል፤ ለጥገና የተጠየቁት ዋጋም ቤቱን ከገዙበት እኩሌታ በላይ ሆነ። በዚያ በጋ ልጆቹ ሐይቅ አላዩም። ያችን መክፈቻ በጥቅምት ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ ማንጠፍጠፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ውሃ የት እንደሚደበቅ ለማወቅ መንገዱን መከተል ነው። ወደ ካምፐር ውሃ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው ንጹሕ ውሃ የሚጠራቀምበት ታንክ ሲሆን፥ ከዚያ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ እየሳበ ወደ መክፈቻዎቹ ይገፋዋል። ሁለተኛው ከሰፈራው ስፍራ ቧንቧ በጎማ የሚቀጠልበት መግቢያ ነው፤ እዚህ ላይ ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክል ቫልቭ አለ። መስመሩ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ቀዝቃዛውን ይወስዳል፥ ሌላው በማሞቂያው ውስጥ አልፎ ሙቁን ይወስዳል። የተሠራበት ውሃ ደግሞ ከወለሉ በታች ወደ ሁለት ታንኮች ይወርዳል፤ ከማጠቢያና ከሻወር የሚመጣው የሚገባበትን ግራጫ፥ ከመጸዳጃ የሚመጣው የሚገባበትን ጥቁር ይሉታል።

ሥራው የሚጀመረው ከቆሻሻው ነው። ለዚሁ በተዘጋጀ ማፍሰሻ ቦታ ጥቁሩ በፊት፥ ግራጫው በኋላ ይለቀቃል፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን እንዲያጥበው ነው። በሜዳ ላይ ማፍሰስ በሕግም በጨዋነትም የተከለከለ ነው። ከዚያ የንጹሑ ታንክ ማፍሰሻ ይከፈታል፤ ማጣሪያ ካለም ውስጡ ያለው ሸምበቆ መሰል ማጥሪያ ወጥቶ ይጣላል። ቀጥሎ በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያሉት ሁለት ማፍሰሻዎች፥ አንዱ የሙቁ አንዱ የቀዝቃዛው፥ ይከፈታሉ። በዚህ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ያሉት መክፈቻዎች ሁሉ በሙቁም በቀዝቃዛውም በኩል ክፍት መሆን አለባቸው። ለስላሳ በቀሰም የጠጣ ልጅ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ የቀሰሙን ላይኛ አፍ በጣት ከዘጉት ለስላሳው አይወርድም፥ ጣቱ ሲነሣ ግን አየር ገብቶ ይፈስሳል። የመጸዳጃው መርገጫም መረገጥ አለበት። ፓምፑን ለጥቂት ሰኮንድ አስነሥቶ በሆዱ ያለውን እንዲተፋ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ማሠራት ግን ይጎዳዋል።

ማሞቂያው ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙዎቹ ካምፐሮች ውስጥ ያለው 6 ጋሎን፥ ማለት 23 ሊትር ያህል ይይዛል። ጋዙም ኤሌክትሪኩም ከጠፋ በኋላ ውሃው እስኪበርድ ጥቂት ሰዓቶች መጠበቅ፥ ከዚያም የሙቁን ውሃ መክፈቻ ከፍቶ ግፊቱን ማስወጣት ግዴታ ነው። ይህን ሳያደርግ ውታፉን የሚፈታ ሰው የፈላ ውሃ በፊቱ ላይ ይረጭበታል፤ ከሥራው ሁሉ ሰውን የሚያቈስለው ይህ ነው። ከበረደ በኋላ ከታች ያለው ውታፍ በመፍቻ ይፈታል፥ ከላይ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭም አየር እንዲገባ ይከፈታል። የኬሚስትሪ ተማሪዎችን ደስ የሚያሰኘው እዚህ ላይ ነው። ታንኩ ከብረት የተሠራ ከሆነ ከውታፉ ጋር ረጅም ዘንግ ተያይዞ ይወጣል፤ ዘንጉም ብዙ ጊዜ የማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየም ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኖቹን ቶሎ ስለሚለቅ በብረቱ ፈንታ እርሱ ይበላል፥ ታንኩም ከዝገት ይድናል። ዘንጉ አብዛኛው ተበልቶ ቀጭን ሽቦ ከመሰለ አዲስ መግዛት ነው። የአሉሚኒየም ታንክ ባላቸው አንዳንድ ማሞቂያዎች ግን ውታፉ ተራ የፕላስቲክ ነው። ማሞቂያው ባዶ ሳለ ማንም እንዳያበራው በማብሪያው ላይ ወረቀት መለጠፍ ብልኅነት ነው፤ ውሃ የሌለበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወዲያው ይቃጠላል።

እስከዚህ ድረስ የወጣው ውሃ በራሱ ክብደት የሚወርደው ነው። የቀረው፥ ማለት በጎባጣ ቦታዎች፥ በፓምፑ ራስና በቫልቮች ውስጥ የታሰረው፥ በሁለት መንገድ ይሸነፋል።

አንደኛው መንገድ አየር ነው። ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚነፉበትን የመሰለ ኮምፕረሰር በውሃው መግቢያ ላይ ይቀጠልና፥ ማፍሰሻዎቹ ከተዘጉ በኋላ፥ መክፈቻዎቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ጭጋግ መሰል ርጭት እስኪያቆም ድረስ ይነፋል። የማሞቂያው ውታፍ ተመልሶ መገጠሙን ወይም ማሞቂያው በቫልቭ ከመስመሩ መለየቱን አስቀድሞ ማየት ነው። ግፊቱም ከ2 እስከ 3 አትሞስፌር ቢሆን ይበቃል። የጎማ ቤቱን ኮምፕረሰር ኃይል ሁሉ የለቀቀበት ሰው በረዶው ሊያደርግ የነበረውን እርሱ ራሱ አደረገው ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንቲፍሪዝ ነው፤ ይኸውም ውሃ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ ወላጆች እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። ለመኪና ራዲያተር የሚሸጠው አብዛኛው አንቲፍሪዝ ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ይህ ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ መርዝ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ወደ አሲዶች ተለውጦ ኩላሊትን ያበላሻል፤ ጣፋጭ ስለ ሆነም ልጆችና ውሾች ይጠጡታል። ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ የሚገባው ግን ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ ይህ በምግብና በመድኃኒት ውስጥ ጭምር በልክ የሚገባ ነው። ለካምፐር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ወደ ሮዝ ያደላ ቀለም ተደርጎበት ነው፤ ነገር ግን ቀለም ማንም ሊቀባው ስለሚችል በጋሎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። እንግሊዝኛ በደንብ ላልለመዱ እናትና አባት ይህን አንብቦ መንገር የልጆች ድርሻ ነው።

ፈሳሹ ቧንቧን የሚያድነው እንዴት ነው? ሞለኪውሎቹ በውሃው ሞለኪውሎች መካከል ገብተው ተሰልፈው እንዳይያያዙ ያሰናክሏቸዋል። ብርዱ በጣም ሲጠና ይህም ፈሳሽ እንደ ለስላሳ አይስክሬም ይሆናል፤ ግን እንደ ንጹሕ በረዶ ድርቅ ብሎ አይገፋም። ብዙውን ጊዜ በዕቃው ላይ ቧንቧ እንዳይፈነዳ እስከ 46 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይጠብቃል ተብሎ ይጻፋል። ታወር የነበረውን 51 ዲግሪ ስናስታውስ ግን የሰው ሥራ ልክ እንዳለው እናያለን። ይህም ቍጥር የሚሠራው ፈሳሹ ሳይቀጥን ነው። በቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃ ካቀጠነው ችሎታው ይቀንሳል። ስለዚህ ነው አስቀድሞ ማፍሰስ የሚያስፈልገው፤ ስለዚህም ነው ማሞቂያው በቫልቮች ተለይቶ ፈሳሹ በጎኑ እንዲያልፍ የሚደረገው። ማሞቂያው ካልተለየ 23 ሊትር የሚሞላ ፈሳሽ በከንቱ ይባክናል፤ ከተለየ ግን ለመካከለኛ ካምፐር ከ8 እስከ 11 ሊትር ይበቃል።

ማፍሰሻዎቹ ተዘግተው፥ ከፓምፑ በፊት ባለው ቫልቭ ላይ አጭር ቱቦ ተቀጥሎ ጫፉ በጋሎኑ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑም ይነሣል። ከዚያ አንድ ሰው በቤት ውስጥ ሆኖ ለፓምፑ ቅርብ ከሆነው መክፈቻ ጀምሮ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም በተራ ይከፍታል። መጀመሪያ የሚወጣው የገረጣ ነው፤ ያ የተቀላቀለ ነውና አይበቃም። ልክ በጋሎኑ ውስጥ እንዳለው ደምቆ ሲወጣ ብቻ ይዘጋል። መጸዳጃውም፥ የእጅ ሻወሩም፥ የልብስ ማጠቢያና በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ካለም እነርሱም፥ በውጭ ያለችውም ሻወር በሙቋም በቀዝቃዛዋም በኩል እንዲሁ ይደረግላቸዋል። የማይታሰበው የመጨረሻ ቦታ ያ ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክለው የመግቢያ ቫልቭ ነው፤ ፓምፑ ጠፍቶ፥ አንድ መክፈቻ ተከፍቶ ግፊቱ ከወጣ በኋላ፥ ወንፊቱ ተነሥቶ ቫልቩ በጣት ገባ ሲደረግ ቀለም ያለው ፈሳሽ ጥቂት ብቅ ማለት አለበት።

ከየማጠቢያው በታች ያለው ሲፎን ሽታ እንዳይመለስ ሁልጊዜ ውሃ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ በራሱ ባዶ አይሆንም። ስለዚህ በየቀዳዳው አንድ ሁለት ብርጭቆ ፈሳሽ ማፍሰስ ነው። ይህም ወደ ታንኮቹ ወርዶ የቫልቮቹን የጎማ ማሸጊያ ያረጥባል።

አንዳንድ ሰው አየር ብቻ ይበቃል ይላል፤ ፈሳሹን ማጠብ አይወድምና። እኔ እንደ ተረዳሁት ግን ብርዱ እንደ ሚኒሶታ በሆነበት አገር አየሩ ያንጠባጠበውን ፈሳሹ እንዲጠብቀው ሁለቱንም ማድረግ ይሻላል። ጊዜና ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ፈሳሹን እመርጣለሁ፤ አየር ሄዶ ሄዶ ውሃው መውጣቱን በዓይን ማየት አይቻልም፥ ቀለም ግን ይታያል።

በመልሱ ደግሞ መቸኰል አይገባም። በሚኒያፖሊስ በሚያዝያ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሊረጋ ይችላል። ጊዜው ሲደርስ ቀለሙ እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ማሞቂያው ከመስመሩ ጋር ይገናኛል፥ ውሃ መሙላቱ ከታየ በኋላም ብቻ ይበራል። ከዚያ ለ57 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ሽታ የሌለው በረኪና ተቀላቅሎ በመስመሩ ሁሉ እንዲገባ ይደረግና፥ ጥቂት ሰዓቶች ከቆየ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ይታጠባል። በመጨረሻ መክፈቻዎቹን ሁሉ ዘግቶ፥ ከውጭ የተቀጠለውን ቧንቧ ነቅሎ፥ ፓምፑን ማስነሣት ነው። ግፊቱ ሲሞላ ፓምፑ ራሱ ይቆማል። ያን ጊዜ ሬዲዮውን አጥፍቶ፥ ልጆችን ዝም አሰኝቶ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል ማዳመጥ ነው። ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ በየመካከሉ ትርር ካለ ውሃው በሆነ ቦታ እየወጣ ነው፤ መብራት ይዞ በየመዝጊያው ውስጥ መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።